የአዘቦት ወይን ዳኛዋ

ኤልያን ካስቴን ወይን ስትቀምስ ዐይኗን ከድና ነው። በፈረንሳይ፣ በጋሮንና በዶርዶኝ ወንዞች መሃል ባለው አገር፣ በገበሬዎች ማኅበር መጥመቂያ ውስጥ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግላለች። ስትቀጠር ሥራዋ የላቦራቶሪውን ብርጭቆ ማጠብ ነበር። ጡረታ ስትወጣ ግን በዚያ ቀበሌ ኤልያን ሳትቀምስለት ጋኑን ደፍሮ የሚከፍት ገበሬ አልነበረም። ሰው «አፍንጫዋን እግዜር ነው የሰጣት» ሲል እሷ ትስቅና «እግዜር ምን አደረገ? አተላውን ሳላሸት ያጠብኩት ብርጭቆ የለም» ትላለች።

የታላላቆቹን ቤቶች ወይን፣ አንዱ ጠርሙስ የአንድ ሠራተኛ የሳምንት ደመወዝ የሚያወጣውን፣ ዳኚልን ተብላ ሁለት ጊዜ ተጠርታ ሁለቴም አልሄደችም። «እሱ የክት ነው። የክት ልብስ ላይ ማን አቃቂር ያወጣል?» አለች። የእሷ ነገር የአዘቦት ወይን ነው፤ ግንበኛው ማክሰኞ ማታ ከምስርና ከቋሊማው ጋር የሚጠጣው፣ ከሰባት ዩሮ የማያልፈው። መለኪያዋም አንድ ነበር፦ ባልና ሚስት እራት እየበሉ፣ ሳይታወቃቸው ጠርሙሱን ይጨርሱታል ወይስ ግማሹን ክዳን ገጥመው ያስቀምጡታል?

በየዓመቱ መጋቢት ላይ በከተማዋ አዳራሽ የአዘቦት ወይን ውድድር ይደረጋል። ኤልያን ለአሥራ አንድ ዓመት ከዳኞቹ አንዷ ነበረች። ያኛው መጋቢት ግን እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። የወይን ዋጋ ወድቆ በየኮረብታው ግንዱ እየተነቀለ ይቃጠል ነበር፤ ጢሱ መንገድ ላይ መኪና ያስቆም ነበር። እንዲህ ባለ ዓመት ጠርሙስ ላይ የምትለጠፍ አንዲት የወርቅ ምልክት ገበሬውን ወይ መሬቱ ላይ ታቆየዋለች ወይ ሳትመጣ ቀርታ ግንዱን ታስነቅለዋለች።

በእሷ ጠረጴዛ ዙሪያ ከእሷ ጋር አራት ነበሩ። ሰብሳቢው ቲቦ ማርሳን የወይን ጠቢብ የሚባል፣ በዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ ገና አርባ ያልሞላው ሰው ነው። ከጎኑ ኮራሊ የምትባል ለትልልቅ መደብሮች ወይን የምትገዛ ሴት፤ ትንሽ ትናገራለች፣ ብዙ ትጽፋለች። ከፊት ለፊት ደግሞ ጋስቶን፣ ምግብ ቤቱን ለልጁ አስረክቦ ቀልዱን ለራሱ ያስቀረ ሽማግሌ። ጠርሙሶቹ በጨርቅ ተጠቅልለው ቁጥር ብቻ ተሰጥቷቸዋል። የማንን ወይን እንደሚቀምሱ ማንም አያውቅም። ያወቀ ካለ ተነሥቶ እንዲወጣ ደንቡ ያዛል።

እስከ አሥራ ሦስተኛው ድረስ የሚያስደንቅ አልነበረም። አንዱ ውሃ ውሃ ይላል፣ አንዱ አፍን ጭምድድ ያደርጋል።

አሥራ አራተኛው ሲቀዳ ግን ጋስቶን ገና ሲያሸተው ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ።

«ኧረ ይሄ ነገር ሰው ነው!» አለ።

«ፍሬው ልክ አሁን የተለቀመ ይመስላል» አለ ቲቦ። «ስንት ነው ዋጋው?»

«አምስት ዩሮ ከሃያ» አለች ኮራሊ ወረቀቷን አይታ፤ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ስንት ጠርሙስ አለው ይላል? አርባ ሺህ። ሁሉንም ብወስደው ደስ ይለኛል።»

ኤልያን ጎንጨት አለች። መጀመሪያ የፕሪም ፍሬ ጣዕም መጣ። ቀጥሎ ዝናብ የነካው ቀይ ሸክላ። ይህንን ሸክላ ታውቀዋለች። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው ኮረብታ ነው፤ የባስትየን ኮረብታ። ባስትየን የክርስትና ልጇ ነው። አባቱ የሞተ ጊዜ መሬቱን በሃያ ሦስት ዓመቱ ተረክቦ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መኸሮች የጠመቁት አብረው፣ እሷ ቦቲ ጫማ አጥልቃ፣ እሱ እያለቀሰና እየተሳደበ ነበር።

ተነሥታ «አውቄዋለሁ» ማለት ነበረባት። መትፊያው ባልዲ ውስጥ ተፋችና አፏን ልትከፍት ስትል ከጉሮሮዋ ሥር አንድ ነገር ተነሣ።

አይጥ። አይጥ ያደረበት የዳቦ ሣጥን፣ የከረመ ፈንዲሻ።

ድጋሚ ጎንጨት አለች። ብርጭቆው ሲሸተት ንጹሕ ነው። አፍ ውስጥ ሲገባም ንጹሕ ነው። ከተፋች በኋላ አሥር ስትቆጥር ያው አይጥ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ደግሞ ምላሷ ላይ ተኝቶ አልነሣም አለ። ጠማቂዎች «አይጥ» የሚሉት ይህ የወይን በሽታ እንዲህ ነው፤ ከብርጭቆ አይሸትም፤ ምራቅ ሲነካው ነው የሚነቃው። አፋቸው ዕድሜ ልካቸውን የማያገኘው ሰዎችም አሉ።

ሦስቱን አየቻቸው። ቲቦ ፈገግ ብሎ እየጻፈ ነው። ጋስቶን እንደ ደንቡ መትፋቱን ትቶ ውጦታል።

«ወርቅ» አለ ቲቦ። «የተቃወመ አለ?»

አሁን ተነሥታ ብትወጣ ሦስቱ ወርቁን ይሰጡታል፤ ኮራሊ አርባውን ሺህ ትጭናለች። ባስትየን ዛሬ ማታ ይጨፍራል። በወሩ ግንበኛው ጠርሙሱን ከፍቶ፣ አንድ ጎርሶ፣ ፊቱን አጨማዶ ማጠቢያው ላይ ይደፋዋል። ብትናገር ደግሞ ልጁን በገዛ ምላሷ ልትቀብረው ነው።

«እኔ እቃወማለሁ» አለች። «አይጥ አለው።»

ቲቦ እንደገና ቀምሶ አላገኘሁትም ሲል ራሱን ነቀነቀ። ጋስቶንም ቀመሰ። «የምን አይጥ? ድመትም የለበት» አለ፤ ማንም አልሳቀለትም።

«ወይዘሮ ኤልያን» አለ ቲቦ በለሰለሰ ድምፅ፤ ልስላሴው ከስድብ ይቆጠቁጥ ነበር። «ካቻምና ክረምት ታመው የማሽተት አቅምዎ ጠፍቶ ነበር አይደል? አራት ወር ያህል ሰማሁ ልበል?»

«ተመልሷል።»

«ሙሉ በሙሉ?»

እሷም በየጠዋቱ ሳሙናውን እያሸተተች ራሷን የምትጠይቀው ይህንኑ ነበር። ምናልባት የሸተታት በሽታዋ ትቶላት የሄደው ጠረን ይሆን?

«ጋስቶን» አለች ድንገት፣ «ወጥ ቤት ሂድና ቤኪንግ ሶዳ አምጣልኝ።»

ቲቦ ገባው። ሶዳው የወይኑን ኮምጣጣነት ገድሎ ምራቅ የሚሠራውን ይሠራል፤ አይጡ ካለ ከብርጭቆው ራሱ ይወጣል። ፊቱ ቅጭም አለ፣ ግን እምቢ አላለም። «እሺ። ግን እርስዎ አያሸቱም፤ እኔም አላሸትም። ኮራሊ ታሸታለች። ግዢው የእሷ ነው።»

ጋስቶን የሶዳውን ፓኮ ይዞ መጣ። ቲቦ ጀርባውን ሰጥቶ ከአሥራ ሦስተኛውና ከአሥራ አራተኛው በሁለት ብርጭቆ ቀዳ፤ ቁንጥር ቁንጥር ሶዳ ጨመረ። ወይኑ አረፋ ደፍቆ እንደ ቀለም ጠቆረ። ሁለቱን አፈራርቆ ኮራሊ ፊት አኖራቸው።

ኮራሊ የመጀመሪያውን አነሣች። አሸተተች። ደግማ አሸተተች። ኤልያን የሴትዮዋን አፍንጫ ብቻ ታይ ነበር።

«ምንም» አለች ኮራሊ።

ሁለተኛውን አነሣች፤ ገና አፍንጫዋ ጋ ሳይደርስ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ወረወረችው።

«ኤጭ! ይሄ የእህቴ ልጅ የሚያረባቸው አይጦች ሣጥን ነው!»

«አሥራ አራተኛው ነው» አለ ቲቦ። ጋስቶን ተቀብሎ አሸተተና ያለ ቀልድ መለሰው። በመጨረሻ ቲቦ አፍንጫውን ብርጭቆው ውስጥ ነክሮ ቆየ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ቀና ሲል ጆሮው ቀልቷል።

«እኔ ምንም አይሸተኝም» አለ ቀስ ብሎ። «አሥራ አምስት ዓመት በዚህ ሙያ... ምንም።»

ኤልያን ደስ ሊላት ይገባ ነበር። አላላትም። «አንድ ነገር ልጨምር» አለች። «ወይኑን አውቄዋለሁ። የክርስትና ልጄ ይመስለኛል።»

«መቼ ነው ያወቁት?»

«ከአይጡ በፊት።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልተነሡም?»

«ብነሣ ወርቁን ትሰጡት ነበራ!»

ቲቦ የውጤቱን ወረቀት ወደ ራሱ ሳበ። «ደንቡን ጥሰዋል፤ ልክም ብለዋል» አለ። «ሁለቱንም መጻፍ አለብኝ።» ጻፈው። ኤልያን ፈርማ ኮቷን አንሥታ ወጣች። ሦስቱ አሥራ አራተኛውን እንደገና ዳኝተው ጣሉት፤ የእሷም ስም በዚያው ቀን ከዳኞች መዝገብ ተሰረዘ።

ውጤቱ አሥር ሰዓት ላይ እስኪለጠፍ መኪናዋ ውስጥ ቁጭ አለች። ውጤት ሳይወጣ ለገበሬው መንገር ክልክል ነው፤ ደንብ ሁለት ጊዜ በአንድ ቀን አይጣስም ብላ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ኮረብታው ነዳች።

ባስትየን ስልኩን እንደያዘ መጥመቂያው ደጃፍ ቆሟል። ወሬው ቀድሟት ደርሷል።

«አንዲት ዳኛ ጣለችው ይሉኛል» አለ ሰላም ሳይላት። «አንቺ አይደለሽም በይኝ።»

«እኔ ነኝ።»

«ክርስትና እናቴ ነሽ ወይስ ገዳዬ? የመደብሮቹ ገዢ ሴትዮ እኮ አርባውንም ሺህ ልትወስድ ነበር!»

«ወስዳ አርባውንም ሺህ ብትመልስልህስ? ከዚያ በኋላ ማን በርህን ያንኳኳል? አይጥ አለበት፣ ልጄ።»

«የለበትም! በየቀኑ እቀምሰዋለሁ። ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ አንድ ቀን ሳላጓድል!»

ጩኸቱን ሰምታ ሚስቱ ማኤሊስ ከቤት ወጣች፤ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ለውድድሩ ከቀረበው ወይን ከተረፈው አንድ ጠብታ በመዳፏ ተቀብላ ሁለቱን እጆቿን አሻሸች፤ ቆዳም እንደ ምራቅ አይጡን ያነቃዋል፤ ትንሽ ጠብቃ አሸተተች። ፊቷን አዙራ ግድግዳውን ያዘች።

«ባስትየን» አለች። «እኔ ካረገዝኩ ወዲህ አልቀመስኩም።»

ያኔ ነው ለሦስቱም ግልጽ የሆነው። ባስትየን እንደ ቲቦ ነው፤ አይጡን የማያገኝ አፍ ነው ያለው። እስካሁን ያዳነው የሚስቱ አፍንጫ ነበር። በዚህ ዓመት ደግሞ ወጣት ጠጪዎች ድኝ አይወዱም ብለውት ድኙን ቀንሶታል፤ ወይኑን የሚጠብቀው ድኝ ሲሳሳ አይጡ ገባ፣ አይጡን የምታገኝለት ሚስቱም አትቀምስም ነበር።

«የትኛው ጋን ነው?» አለች ኤልያን። «ናሙናውን ከየትኛው ቀዳህ?»

«ከሦስተኛው።»

መጥመቂያው ውስጥ ሦስት የብረት ጋኖች ነበሩ። ማኤሊስ ሶዳ አመጣች። ከመጀመሪያው ቀዱ፤ ሁለቱ ሴቶች ተራ በተራ አሸተቱ። ንጹሕ። ከሁለተኛው ቀዱ። ኤልያን አንድ ጊዜ አሽትታ ቆመች፤ ደግማ አሸተተች።

«ምንድነው? ተናገሪ እንጂ!» ጮኸ ባስትየን።

«ዝም በለኝ!» ሦስተኛ ጊዜ አሸተተች። «ንጹሕ ነው። ዛሬውኑ ግን ድኝ ጨምርበት፤ ነገ አትበል።»

ሦስተኛው ማሽተትም አላስፈለገውም፤ ሶዳው እንደገባ ማኤሊስ ወደ ደጅ ሮጠች። የመኸሩ ሲሶ ነው፤ ለአልኮል አንጣሪዎች በውሃ ዋጋ ከመሸጥ ሌላ መንገድ የለውም።

ባስትየን የጋኑን ብረት በጡጫው መታው። ድምፁ ቤቱን ሞላው። ከዚያ ዞሮ ሳያያት «ሂጂልኝ» አለ። «እባክሽ፣ አሁን ሂጂልኝ።»

ሄደች። ቤቷ ገብታም ያን ቀን ወይን አልቀመሰችም።

ኮራሊ በሚያዝያ ወደ ባስትየን መጥታ ሁለቱን ጋኖች ራሷ በሶዳ ፈትና፣ አርባ ሺህ ሳይሆን ዘጠኝ ሺህ ጠርሙስ ወሰደች። ዘጠኙ ሺህ ኮረብታውን ከመነቀል አተረፈው፤ ከዚያ በላይ ግን አላደረገም። በግንቦት ሴት ልጅ ተወለደች። ክርስትና እናት የሆነችው የማኤሊስ እህት ናት። ኤልያንን ማንም አልጠራትም። ሄዳ ከቤተ ክርስቲያኑ የኋላ ወንበር ተቀመጠች፤ ልጅቱ ውሃው ሲነካት ስትጮህ ሰማች፤ ሕዝቡ ሳይወጣ እሷ ወጣች። ልክ ነበርኩ የሚለው ነገር ሰው ሲርቅ እንደማያሞቅ ያን ጊዜ ገባት።

በኅዳር፣ አዲሱ ወይን ሲረጋ፣ አንድ ምሽት ሾርባዋን ልታወጣ ስትል በሩ ተንኳኳ። ባስትየን በውሃ ጠርሙስ ወይን ይዞ ቆሟል። ስምንት ወር ሙሉ ቃል ያልተነፈሰላት ልጅ አሁንም ሰላም አላላትም።

«ቅመሺ» አለ።

«ማኤሊስ አልቀመሰችውም?»

«ቀምሳለች። ንጹሕ ነው አለች። ሁለት አፍ እፈልጋለሁ።»

ብርጭቆ አወጣች። ጎነጨች፣ አንቀሳቀሰች፣ ተፋች። ዐይኗን ከድና መቁጠር ጀመረች። አሥር። ሃያ። እሱም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሲቆጥር ይሰማታል። ሠላሳ። አርባ። ምላሷን ላንቃዋ ላይ እየፈተገች ፈለገችው፤ በየጥጋ ጥጉ ፈለገችው። ስልሳ።

«የለም» አለች።

ባስትየን በረጅሙ ተነፈሰ። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ድስቱን አየ።

«ምን ሾርባ ነው?» አለ።

«ጎመን።»

«ሁለት ሰሃን ይወጣዋል?»

ኤልያን ሁለተኛውን ሰሃን ከመደርደሪያው አወረደች።