ወንበዴዎቹ ያመጡት ትራስ

ጓደኛዬ የመርከብ ሠራተኞች ስልጠና መግቢያ ፈተናን ካለፈ በኋላ ለመሄድ የቀረው የአባቱ ዱዓ ብቻ ነበር። እናቱ ውጤቱ እንደተሰማ መርቀውታል። አባቱ ግን ባሕር የሚል ቃል ቤት ውስጥ በተነሳ ቁጥር ጫማቸውን ፈልገው ይወጣሉ። አልከለከሉትም፤ አልፈቀዱለትምም። እሱ ደግሞ ያለ አባቱ ዱዓ ከድሬ ዳዋ እንደማይወጣ ነግሮኛል። በሁሉ ነገር የሚቀልድ ልጅ ነው፤ በዚህ ብቻ አይቀልድም።

ምክንያቱን ሰፈሩ በግማሽ ያውቀዋል። አባትየው ቀፊራ ገበያ ሩዝና ፓስታ መሸጥ ከመጀመራቸው በፊት፣ ፍየል ጭና ወደ የመን በምትሻገር ዶኒ ላይ ይሠሩ ነበር። ዶኒ የሚሏት የእንጨት ጀልባዋን ነው። አንድ ጊዜ የባሕር ወንበዴዎች ያዟት፤ እሳቸውም ለወራት ጠፍተው ከስተው ተመለሱ። ጓደኛዬ ያኔ ሕፃን ነበር። በመሀል የሆነውን ግን ከአፋቸው የሰማ ሰው የለም።

እኔ ጎረቤታቸው ነኝ። እንግሊዝኛ የለመድኩት ከተከታታይ ፊልሞች ነው። አንድ ንግግር እስኪገባኝ ድረስ እየመለስኩ አያለሁ፤ ያልገባኝን ቃል ዘልዬ ማለፍ አልችልም። በዚያ ሰሞን ከጓደኛዬ ጋር የምናየው ምንም ነገር ስለማይሳካላቸው የባሕር ወንበዴዎች የሚያወራ የቀልድ ድራማ ነበር። አለቃቸው ዋና አይችልም። አንዱ ዓሣ ይፈራል።

አንድ ጁምዓ ከሰዓት በኋላ እነሱ ቤት ፍራሽ ላይ ተጋድመን፣ ቬንትሌተሩን ወደ ራሳችን አዙረን አዲሱን ክፍል ከፈትን። አባትየው በዚያ ሰዓት ቤት አይገኙም፤ ከመስጊድ ወጥተው በቀጥታ ወዳጃቸው ጋ ሄደው ይቅማሉ። ያን ቀን ግን ወዳጅየው ሁርሶ ለውትድርና ስልጠና የገባ ልጁን ሊጠይቅ ሄዶ ኖሮ፣ ጫታቸውን በብብታቸው ይዘው መጋረጃውን ገልጠው ገቡ። ቴሌቪዥኑ ላይ ያኔ ጥቁሩ ባንዲራ ተዘቅዝቆ እየተሰቀለ ነበር። ጓደኛዬ ሪሞቱን ለማንሳት ሲጣደፍ የውኃ ጆጉን ደፋው።

«አቦ፣ ልናጠፋው ነበር» አለ፤ አባቱን አቦ ነው የሚላቸው።

አባቱ ምን እንደሆነ ጠየቁ። እሱ ጆጉን ሊያነሳ ሲያጎነብስ ወደ እኔ ዞሩ። ስጽፍ አንቱ እላቸዋለሁ እንጂ ፊት ለፊት፣ እንደ ድሬ ልማድ፣ በአንተ ነው የማናግራቸው፤ «አዴር» እላቸዋለሁ፣ በሱማልኛ አጎቴ እንደማለት።

«የባሕር ወንበዴዎች ናቸው አዴር» አልኩ። «ግን የሚያስቅ ነው።»

ጫማቸውን አወለቁ፤ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። «እስቲ የሚያስቀውን ንገረኝ» አሉኝ።

መተርጎም ጀመርኩ። ወንበዴዎቹ አንድ የንግድ መርከብ ማርከዋል፤ የማረኩት ግን አስበው ሳይሆን የራሳቸውን ማቆም አቅቷቸው ስለገጩት ነው። ከማረኩ በኋላ ከመካከላቸው መርከብ መንዳት የሚችል እንደሌለ ታወቀ። እያንዳንዱ ሌላው የሚችል መስሎት ነበር የተቀላቀለው። የሚያውቀው አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ አስረውታል። ሊፈቱት ሲሉ ቋጠሮው እምቢ አላቸው። የቱን ገመድ በየት እንደሚያሳልፉ እየነገረ ያስፈታቸው ታሳሪው ራሱ ነበር።

በሌላ ቀን ቢሆን ጓደኛዬ እዚህ ጋ በሳቅ ፍራሹን ይደበድብ ነበር። አሁን የሚያየው አባቱን ነው። እኔ ለአንድ ቃል ትክክለኛውን አማርኛ ፍለጋ ፊልሙን ሳቆመው፣ «አንተ እስክትተረጉም ወንበዴዎቹ ጡረታ ይወጣሉ» አለኝ፤ ድምፁ ግን የቀልድ አልነበረም። አባትየው ቅጠላቸውን እየቀነጠሱ ያያሉ። ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም።

ከዚያ ሽማግሌው ተቀምጦ መሪውን ያዘ። ቀደም ሲል ያሰረው ወፍራሙ ወንበዴ ጎራዴውን መሬት ለመሬት እየጎተተ መጣና፣ አንዲት ትንሽ ትራስ ከሽማግሌው ሥር አድርጎለት ሄደ። ንግግር ስለሌለው የምተረጉመው አልነበረኝም። ቀልዱም ያን ያህል አልመሰለኝም፤ ዓይን ጨፍኖ እንደመግለጥ ነው የሚያልፈው።

አባትየው ሳቁ። መጀመሪያ ሳል መስሎኝ ነበር።

«መልሰው» አሉኝ። መለስኩት። ሁለተኛ ሲያዩት አልሳቁም። እዚያው ላይ እንዳቆመው ጠየቁኝ፤ አቆምኩት።

«ይህን ማን ነገራቸው?» አሉ።

በጣታቸው ትራሷን አሳዩን።

«ለእኔም አመጡልኝ። ትራስ አልነበረም፤ የሩዝ ጆንያ ነው። አጣጥፈው።»

ከዚያ በኋላ ያወሩት ያለ ማቋረጥ ነው። ዶኒዋን የያዙት ልጆች ከባሕር ርቀው፣ ግመል ሲጠብቁ ያደጉ ነበሩ። ጠመንጃ ይዘዋል፤ ባሕር አያውቁም። ገና ማዕበል ሳይመጣ ያስመልሳቸው ጀመር። አንዱ ምሰሶውን አቅፎ እናቱን ይጠራል። መልህቅ ጣሉ ሲባሉ ገመዱን ከዶኒዋ ጋር ሳያስሩ እንዳለ ወረወሩት። ይህን ሲነግሩን እንደገና ሳቁ፤ እኛም ሳቅን። ናኹዳው፣ የዶኒዋ አዛዥ ማለት ነው፣ በትኩሳት ወድቆ ነበር። ልጆቹ መሪውን እየተነጣጠቁ ወደ ሰፊው ውቅያኖስ ይዘዋቸው ሄዱ። ፍየሎቹ በጥም ማለቅ ጀመሩ፤ የሰዎቹም ውኃ ተመናመነ። ከታሰሩት የዶኒዋ ሠራተኞች መካከል ነፋሱንና ከዋክብቱን ማንበብ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። እጄን ፍቱልኝ አሏቸው።

ጆንያውን ያመጣው ጠመንጃውን ደቅኖባቸው የነበረው ልጅ ነው። ከሥራቸው አነጠፈላቸውና «ናኹዳ» ብሎ ጠራቸው።

የነዱት ወንበዴዎቹ ወዳሉት ባሕር ዳርቻ ነው፤ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። ማንም አልሞተም። አብረዋቸው ከታሰሩት አንዳንዶቹ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊታቸውን አዞሩባቸው፤ ሌቦቹን ቤታቸው ያደረሰ ሰው ሆነው ታዩ። ከወራት በኋላ ሲለቀቁም ሳይሰናበቷቸው የሄዱ አሉ። እሳቸውም ያን ቀን እስረኛ ይሁኑ አዛዥ፣ እስከዛሬ ለራሳቸው መመለስ እንዳቃታቸው ነገሩን።

እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። የቆመውን ምስል ሳይ ቆየሁ። በማላውቀው አገር፣ የማላውቀው አንድ ሰው፣ ሰው ላስቅ ብሎ ወረቀት ላይ ጎንበስ ሲል የአዴርን ጆንያ አገኘው። ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ከየት እንዳገኘው ሳስብ ክንዴን ብርድ ብርድ አለኝ፤ የድሬ የከሰዓት ሙቀት እንኳ አላሞቀኝም። አንዲት ቃል አልዘልም የምለው ሰውዬ፣ ትራሷን ሳላያት አልፌ ነበር።

አባትየው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «መስጠም የሚያስፈራኝ ይመስልሃል» አሉት። «መስጠም አይደለም። ባሕር ላይ የሚያውቅ ሰው የራሱ አይደለም። ሌባም ይፈልገዋል።»

ጓደኛዬ የደፋውን ውኃ በጨርቅ እየጠረገ ነበር፤ ቀና ሳይል ጠየቀ። «ባታውቅ ኖሮስ፣ አቦ?»

ቅጠል የያዘው የአባቱ እጅ አፋቸው ጋ ሳይደርስ ቆመ። ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቋቸው የሚያውቅ አልመሰለኝም፤ ራሳቸውም ጭምር።

«በጥም እናልቅ ነበር» አሉ። «እኛም፣ እነሱም።»

ቅጠሉን መልሰው ከጫቱ እስር ላይ አኖሩት።

«እንግዲያው በደንብ ተማር» አሉት።

እጃቸውን ዘረጉ። ጓደኛዬ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ጨርቁን ጥሎ በጉልበቱ ተጠጋቸውና እርጥብ መዳፉን ከፈተ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ በእኛ ሰፈር ግን ዱዓ ሲደረግ እጁን ለመዘርጋት ማንም ግብዣ አይጠብቅም፤ ዘረጋሁ። ዓረብኛውንና ሱማልኛውን እያቀላቀሉ ረጅም ዱዓ አደረጉ። እኔ ለይቼ የሰማሁት የልጃቸውን ስም ነው፤ ደጋግመው ጠሩት። ጓደኛዬ ከንፈሩን ነክሶ ወለሉን ያያል።

ሲጨርሱ ከሁላችንም ቀድሞ አሚን ያለው ድምፅ ከመጋረጃው ጀርባ ነበር። እናቱ ነበሩ። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አላውቅም፤ ያን ሁሉ ዓመት አብረዋቸው ሲኖሩ እሳቸውም ታሪኩን የሰሙት ያን ቀን ነው።