የወንድሜ ሸኚ ደብዳቤ

ታናሽ ወንድሜን የሚያውቀው ሁሉ «ልጉሙ» ይለዋል። አንድ ነገር ጠይቀኸው «እ» ካለህ ቀንህ ነው። ሥራው የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነው። እኔ ደግሞ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ ሃያ ሁለት ዓመቴ። ሁለታችንን አንድ እናት መውለዷ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

አባባ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ የሚደርሳቸውን መልእክት ስልካቸው ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። ታዲያ የሚያነብላቸው የተረገመ ፕሮግራም መልእክቱ ረዘም ካለ መሐል ላይ ጸጥ ይላል። አንድ ቀን ከሐኪም ቤት የመጣውን «መድኃኒቱን ጠዋት ይውሰዱ» ብሎ አነበበና ዝም አለ። «በባዶ ሆድ ግን እንዳይሆን» የሚለው ቀረ። አባባ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስታውኩ ከረሙ።

ልጉሙ ጉድለቱን አግኝቶ የአባባ ስልክ ላይ ጠገነው። ግን ፕሮግራሙ በታደሰ ቁጥር ጥገናው ይጠፋል፤ ማንም የሚልከውን እርማት የሚመረምሩት የፕሮግራሙ ኃላፊዎች ካልተቀበሉት አባባ ተመልሰው ግማሽ መልእክት ሊሰሙ ነው። ሦስት ጊዜ ላከላቸው፤ ሦስቱንም ጊዜ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት።

«ለመሆኑ ምን ብለህ ነው የላክኸው?» አልኩት።

አሳየኝ። ከኮዱ ጋር ያለው ጽሑፍ አንዲት መስመር ናት፦ «ሁለት ቦታ ቀይሬያለሁ።»

«በቃ?»

«ኮዱን ሲያዩት ይገባቸዋል፣ እታለም።»

ደሜ ፈላ። «አንተ ደረቅ! ዳኛ ፊት ቀርበህ ‹መዝገቡን ሲያዩት ይገባዎታል› ብትል ይፈርድልሃል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም! ቁጭ በልና ሸኚ ደብዳቤ ጻፍ። መጀመሪያ እኔ በሚገባኝ አማርኛ፣ ከዚያ በእነሱ ቋንቋ።»

ግማሽ ቀን ፈጀብን። ምን እንደተበላሸ፣ ማንን እንደጎዳ፣ ለምን እነዚያን ሁለት ቦታዎች እንደነካ፣ በስንት ስልክ እንደሞከረው ጥርስ እንደሚነቅል ሰው አንድ በአንድ ጎትቼ አወጣሁት። መጨረሻ ላይ ዓይኑን ሰበር አደረገ።

«አሮጌ ስልክ ላይ ትንሽ ያዘገያል። እሱን ግን አንጽፈውም።»

«እንጽፈዋለን እንጂ! ሰው ቀድሞ በራሱ አፍ የተናገረው ይቀልለታል፤ ጉድ የሚያደርገው ደብቆት የተገኘበት ነው።»

እያጉረመረመ ጻፈው፣ ላከው። በአራተኛው ቀን ከኃላፊዎቹ አንዱ ስለ አሮጌዎቹ ስልኮች አንዲት ጥያቄ ጠየቀ። መለሰለት። ተቀበሉት።

አዲሱ ፕሮግራም አባባ ስልክ ላይ የገባ ቀን፣ መሞከሪያ የሚሆን ረጅም ጽሑፍ ስንፈልግ እኔ ነገረኛዋ የአማርኛውን ረቂቅ ለአባባ ላኩላቸው። ልጉሙ ሊቀማኝ ሲታገል ስልኩ ማንበብ ጀመረ። «አባቴ የሐኪሙን መልእክት ግማሹን ብቻ ሰምተው ታመሙ። ሌላ አባት እንዳይታመም ብዬ ነው ይህን የሠራሁት» የሚለውን አልፎ፣ ስለ አሮጌ ስልኮች ያለውን ሁሉ ዘርዝሮ፣ እስከ መጨረሻዋ ቃል ደረሰ።

አባባ እጃቸውን ዘርግተው የልጉሙን ትከሻ ፈልገው ያዙት።

«ልጅህ ሥራው ምንድን ነው ሲሉኝ፣ ‹እኔ እንጃ፣ ማሽን ላይ ሲያፈጥ ይውላል› ነበር የምላቸው» አሉት። «አፈርኩ። እስቲ ድገምልኝ። ስልኩ አይደለም፣ አንተ አንብብልኝ።»

ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገና ከመጀመሪያው መስመር ጀመረ።