ለትከሻ የተላከ ሽማግሌ

ታናሽ ወንድሜ የቡሬ ቡድን በረኛ ነበር። ቀኝ ትከሻው እየወለቀ ቢያስቸግረው ባሕር ዳር ወሰድኩትና ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ሐኪሙ ሲያሰናብተን ነገሩን አላድበሰበሰም። «ከፋሲካ በፊት እንዳትወረወር። አሁን ከወለቀ ዳግመኛ በረኛ አትሆንም።»

ከፍኖተ ሰላም ጋር የምንጫወተው ግን በዐቢይ ጾም ነበር። ተጠባባቂውን በረኛ የሚያምነው አልነበረም። የቡድኑ ሰዎች አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ላኩብን። በእኛ አገር ሽማግሌ የሚላከው ለጋብቻ ወይም ለደም ነው፤ ለትከሻ ሲላክ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እናቴ «ይግቡ፣ አረፍ ይበሉ» አለቻቸው። ገቡ፤ አልተቀመጡም።

«እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም» አሉ በዕድሜ የሚበልጡት፣ ከዘራቸውን ተደግፈው።

«ምን ላድርግ አባቴ? ሐኪሙ ከልክሎታል እኮ» አለች እናቴ።

«ሐኪሙም ሰው ነው፤ የቀረውን ቀን ይማረን።»

«እሱስ ይማር፤ አጥንቱ ይምራል?»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቅ አመለጣቸው። ትልቁ ግን እንደቆሙ ቀሩ። ጉልበታቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወንድሜ አላስቻለውም።

«ይቀመጡ አባባ፤ እገባለሁ» አለ።

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ያን ጊዜ ለሬዲዮ የጨዋታ ዘገባ እልክ ስለነበር፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ከጎሉ ጀርባ ቆሜ ተከታተልኩ። መጀመሪያ ላይ ኳሱን በእግሩ እያራቀ ቆየ። ኋላ አንድ ከፍ ያለ ኳስ መጣና በግራ እጁ መታው።

«በግራው ነው የሚጎርሰው!» ብሎ ጮኸ አንድ ተመልካች። ሜዳው በሳቅ ተሞላ፤ አጥቂዎቹም ሰሙ። ከዚያ በኋላ የሚመቱት ሁሉ ወደ ቀኙ ሆነ። አንዱ ወጣ፤ አንዱ ቋሚውን ገጭቶ ተመለሰ። የወንድሜ ቀኝ እጅ በየጊዜው ይነሣል፤ ጆሮው ዘንድ ሳይደርስ ይመለሳል።

«ዘርጋው እንጂ አንተ! ለጌጥ ነው የያዝከው?» አለው አምበሉ።

ቀጣዩ ኳስ በቀኙ በኩል መሬት ለመሬት መጣ። ጤነኛ በረኛ ተወርውሮ ያወጣዋል። ወንድሜ እጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ኳሱ ሲገባ ቆሞ አየው። የራሳችን ደጋፊዎች ሰደቡት። ለአሠልጣኙ «ቀይረኝ» ብሎ ምልክት አሳየ።

ተሸነፍን። ስልክ ቤት ተሰልፌ ዘገባውን አስተላለፍኩ፦ «በረኛው ወደ ቀኙ ለመጣው ኳስ አልተወረወረም።» ወንድሜ መሆኑን የጠየቀኝ የለም።

ስንመለስ ትልቁ ሽማግሌ መኪናው ውስጥ ከፊታችን ተቀምጠው ነበር። ሽንዲ መገንጠያ ስንደርስ ዞር አሉ።

«ፈራህ ልጄ?»

«አዎ፣ ፈራሁ አባባ።»



ከፋሲካ በኋላ ሐኪሙ ክንዱን ወደ ላይም ወደ ኋላም እያዞረ መርምሮ ፈቀደለት። ቡድኑ ግን ያን የማያምነውን ተጠባባቂ ለምዶት ነበርና ወንድሜ ሁለተኛ በረኛ ሆኖ ተመለሰ። በመጀመሪያው ልምምድ ወደ ቀኙ መቱለት። ሲወረወር ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ኳሱ መረቡ ውስጥ ነው፤ እሱ በሆዱ ተኝቷል። ተነሣ፤ ክንዱን ሙሉውን ወደ ላይ ዘረጋ።

«ድገሙልኝ» አለ።