እናትሽ ቤት ማን ይሉሻል?

በሕይወቴ ብዙ ወረቀት ፈርሜያለሁ፤ የማፍርበት ፊርማ ግን አንድ ነው። ወልድያ ካለው መሥሪያ ቤታችን ተቀምጬ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ አይቻቸው የማላውቃቸውን ሴቶች አንድ በአንድ «የለችም» እያልኩ ፈረምኩባቸው። በብዕር አልነበረም፤ ጣቴን ስክሪን ላይ በመጫን ነው። ልጆቼን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ «ባላያችሁት ነገር አትፈርሙ» እያልኩ ያሳደግኩ ሰው ነኝ። ይህን ስጽፍ እነሱም እንደሚያነቡት አውቃለሁ። ያንብቡት።

የምሠራው የጤና ቴክኖሎጂ ድርጅት ውስጥ ነው። ስሙ ከበድ ይላል እንጂ ሥራው ለመረዳት አያስቸግርም። ጤና ጣቢያዎች በወረቀት ይይዙት የነበረውን የታካሚ ካርድ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ፕሮግራም እናስገጥማለን። እኔ የመስክ ድጋፍ ሠራተኛ ነኝ። ከወልድያ ተነስቼ በሐራ፣ በሲሪንቃ፣ በመርሳና በውርጌሳ በኩል እዞራለሁ፤ ታብሌት ሲበላሽ እጠግናለሁ፣ ባለሙያዎቹን አስለምዳለሁ፣ መብራት ሲጠፋ እሰደባለሁ። ዲግሪ የለኝም። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቋርጬ ሬዲዮ መጠገን የተማርኩት የተቃጠሉ ሬዲዮኖችን ፈትቼ በማየት ነው። ከዚያ ቴፕ፣ ከዚያ ሞባይል፣ ከዚያ ኮምፒውተር። እንግሊዝኛዬም ከዕቃ ካርቶን ውስጥ ከሚወጣ መመሪያ የተለቀመ ነው። ድርጅቱ ቅርንጫፍ ሲከፍት ሱቄ ድረስ መጥተው አልነሣ ያሏቸውን ታብሌቶች ሰጡኝ፤ ሁሉንም አስነሥቼ መለስኩላቸው፤ ቀጠሩኝ።

ሥራውን የወደድኩበት ምክንያት ነበረኝ። ከጦርነቱ በኋላ የካርድ ክፍሎች ወረቀታቸው ወለል ላይ ተበትኖ አይቻለሁ። ሰው ሕመሙን ከዜሮ ጀምሮ ሲናገር ሰምቻለሁ። ስለዚህ የማይቃጠል፣ የማይቀደድ፣ ሴቲቱ የሄደችበት ድረስ የሚከተላት ካርድ ሲሉኝ አመንኩ። ዛሬም አምናለሁ። የተጣላሁት ከኮምፒውተሩ ጋር አይደለም።

አለቃዬ ከአዲስ አበባ የተላከ ወጣት ነው፤ የመጀመሪያ ልጄ እኩያ ይሆናል። «ፋዘር» ይለኛል። አንድ ቀን ሰብስቦን ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች እንደሚመጡ ነገረን። ከእነሱ በፊት ዝርዝሩ መጽዳት አለበት። ሁለት ዓመት ያልተነካ፣ ስልክ ቁጥር የሌለው ካርድ ሁሉ ይሰረዛል፤ እሱ «ሙት ካርድ» ይለዋል። ፕሮግራሙ ካርድ ሲሰረዝ ምክንያት ይጠይቃል፤ የሚያስመርጠውም ሦስት ነው፦ ሞታለች፣ ተደግማለች፣ የለችም። የሞተችውንም የተደገመችውንም ለማረጋገጥ መጠየቅ ያስፈልጋል። «የለችም» ለማለት ግን ጣት ይበቃል።

የእኔ ጣት ፈጣን ነው። እስከ ማታ የደረሰኝን ጨረስኩ። አለቃዬ በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ «ወጣቶች፣ ከፋዘር ተማሩ» ብሎ ጻፈ፤ ደስ አለኝ። እየሰረዝኩ ሳለሁ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ያውም ለጋ ሴቶች መሆናቸውን አይቻለሁ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ይህን ልደብቀው እችል ነበር፤ ነገር ግን ሌላውን ሁሉ ተናግሬ ይህችን ብተው ምኑን ተናገርኩት?

በሳምንቱ ከመርሳ ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ገና ከበሩ ስገባ አዋላጇ ተቀበለችኝ።

«ጋሼ፣ ይቺ ዕቃዎ ዛሬ ካልጠቀመች መቼ ልትጠቅም ነው?»

አግዳሚው ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ተቀምጣለች። ትኩሳት ይዟት ከንፈሯ ደርቋል። አጠገቧ አማቷ የውኃ ኮዳ ታቅፈው ይቁነጠነጣሉ። ሴትዮዋ መርፌ ታዞላታል፤ ነገር ግን እጇን ልትሰጥ አልቻለችም።

«የዛሬ ሦስት ዓመት የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ወግተውኝ ፊቴ አብጦ ትንፋሽ አጠረኝ» አለችኝ። «ወላሂ፣ ሞቼ ነው የተመለስኩት።»

«የምን መርፌ ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ! ነጭ ነው።»

አዋላጇ ወደ ጎን ሳበችኝ። «ነጭ ያልሆነ የታለና! እዚህ ያለኝ ሁለት ዓይነት ነው። የትኛው እንዳሳበጣት ካላወቅኩ ሁለቱንም አልነካም። ዝም ብዬም ላያት አልችልም፤ ትኩሳቱ ለሆዷም አይበጅ። አምቡላንሱ ደግሞ ሌላ ወላድ ይዞ ወጥቷል። በሉ ይፈልጉልኝ።»

ስሟን አስገባሁ። በዚህ ዓመት የተከፈተ ካርድ ወጣ። የመጀመሪያው ወሊድ የለበትም፤ መርፌም የለበትም። ንጹሕ ካርድ፤ እንግዶች ቢያዩት የሚደሰቱበት።

«የመጀመሪያ ልጅሽን የት ነው የወለድሽ?»

«እናቴ ቤት ሄጄ ነዋ። የት ልወልድ ኖሯል?»

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። በአገራችን የበኩር ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው። በአገራችን ደግሞ ሙሽራ ስትገባ አማት አዲስ ስም ታወጣላታለች፤ ከዚያ በኋላ በባሏ አገር የሚጠሯት በዚያ ነው። ይህን ከማንም መማር አያስፈልገኝም፤ ባለቤቴን ወደ ቤቴ ባስገባሁ ቀን እናቴ ስም ስታወጣላት ቆሜ አጨብጭቤያለሁ።

«እናትሽ ቤት ማን ይሉሻል?» አልኳት።

አማቷን ቀና ብላ አየችና በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፈነች።

«ምን ታፍሪያለሽ?» አሉ አማቷ። «ንገሪው እንጂ! የሚያምረው እኔ ያወጣሁልሽ ነው፤ ሰውዬው ግን የእናትሽንም ይስማ።»

ነገረችኝ፤ አስገባሁት። አንድ ግራጫ መስመር ወጣ፤ ውስጡ አይከፈትም። የተሰረዘ። ምክንያት፦ የለችም። ከሥሩ የሰረዘው ሠራተኛ ስም አለ። የእኔ ነው።

አዋላጇ በትከሻዬ በኩል እያነበበች ነበር። «ማን ነው የለችም ያላት?»

«እኔ።»

«ይኸው ተቀምጣለች እኮ፣ ጋሼ።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አለቃዬ ጋ ደወልኩ።

«ፋዘር፣ የተሰረዘ ካርድ የሚመለሰው ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው። ጥያቄ ጽፈህ ላክ፤ ከእንግዶቹ በኋላ ያዩታል።»

«ሴትዮዋ የታመመችው አሁን ነው።»

«ታዲያ እኔ ሐኪም ነኝ?»

ስልኩን ዘጋሁና ወደ ዋናው መንገድ በባጃጅ ወጣሁ፤ ከዚያ በሚኒባስ ወደ ሲሪንቃ። የእናቷ ቤት በዚያ በኩል ነው፤ የወለደችበትም ጤና ጣቢያ እንደዚሁ። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ዕድሜያቸው የገፋ ሴት ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ የወሊድ መዝገቡን ቤታቸው ወስደው ጎታ ውስጥ፣ ማሽላ ሥር ደብቀው ያተረፉ ሰው ናቸው። እኛ ከዚያ መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ገልብጠን ስናበቃ «ከእንግዲህ አያስፈልግም» ብያቸው ነበር። እሳቸው ግን በማዳበሪያ ጠቅልለው መደርደሪያ ላይ አስቀምጠውታል።

«አያስፈልግም ያሉኝ አንቱ አልነበሩም?»

«ነበርኩ።»

«በሉ እንግዲያው ያገላብጡ» ብለው መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ አኖሩልኝ።

የእናቷን ቀበሌና ስሟን ይዤ ገጽ በገጽ ፈለግሁ። አገኘኋት። ከጎኗ በቀይ እስክሪብቶ፣ በተንጋደደ ጽሑፍ፣ «ፔኒሲሊን አይሰጣት» ይላል፤ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ያንን የጻፈው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። በዚያን ሰዓት ግን ከመሥሪያ ቤታችን ሁሉ የሚበልጥ ሠራተኛ ሆኖ ታየኝ። ለአዋላጇ ደወልኩና አነበብኩላት።

«ደግመው ያንብቡልኝ።»

ደገምኩላት።

«ትኩሳቱ ሲብስባት ጨንቆኝ አንደኛውን ልወጋት ስቤ ነበር፤ እሱን ነው» አለች። «በሉ ይዝጉት፤ በሌላኛው ልወጋት ነው።»

በማግስቱ ትኩሳቱ ወረደላት። አማቷ በአዋላጇ ስልክ ደውለው መረቁኝ። ምርቃቱን ለመቀበል ከበደኝ፤ የሰረዝኳት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። «ታዲያ መልሳት!» አሉኝ።

ቅዳሜ ምሳ ላይ ባለቤቴን ጠየቅኳት። «አንቺ ጤና ጣቢያ የተመዘገብሽው በማን ስም ነው?»

«እናትህ ባወጣችልኝ ስም ነዋ። አንተ አይደለህ እንዴ የጻፍከኝ?»

ልጃችን ጉርሻዋን እጇ ላይ ይዛ ቀረች። «እማ፣ ሌላ ስም አለሽ እንዴ?»

ባለቤቴ ስሟን ነገረቻት። ልጄ ሁለት ጊዜ ደግማ አለችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። በቤቴ ውስጥ ስለ እውነት ብዙ የምናገር አባት ነኝ፤ ልጄ ግን የእናቷን ስም ሳታውቅ አድጋ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው።

ሰኞ ጠዋት ወልድያ፣ አለቃዬ ፊት ቆምኩ። ሁለት ነገር ጠየቅኩ፦ በእኔ ጣት የተሰረዙት ሁሉ ይመለሱ፤ ፕሮግራሙ ላይ ለሁለተኛ ስም ቦታ ይከፈት።

«ፋዘር፣ ሲስተሙ ሁለት ስም አያውቅም።»

«ሲስተሙ አያውቅም። አንተ ግን አሁን አወቅክ።»

«አንዲት ሴት ስላጋጠመችህ ነው?»

«ያጋጠመችኝ አንዲት ናት። የሰረዝኩት ስንት እንደሆነ ታውቃለህ፤ በግሩፑ ላይ አመስግነኸኛል።»

ወንበሩን ገፋ አደረገ። «ስማ፣ ያለ ዲግሪ የተቀጠርከው በእኔ ፊርማ ነው። ሌሎቹ ያልጨረሱትን እስከ ሐሙስ ትጨርሳለህ። ካልሆነ ጣቱ የሚታዘዝለት ሰው አላጣም።»

«ፈልግ። የእኔ ግን አይታዘዝም።»

«ይህን በጽሑፍ ትሰጠኛለህ?»

ይፈራል ብሎ ነው። ወረቀት ጠየቅኩትና እዚያው ጠረጴዛው ላይ፣ ቆሜ፣ በእጄ ጻፍኩለት፦ «ያላየሁትን ሰው የለም ብዬ ከእንግዲህ አልፈርምም። ከዚህ በፊት የፈረምኩት ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም የእኔ ነው። ካርዶቹ ይመለሱ።» ስሜን እስከ አያቴ ጽፌ፣ በብዕር ፈረምኩ። እሱም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በዚያው ቀን ከሰዓት ሰጠኝ፤ «የመጨረሻ» ይላል፤ የመጀመሪያውን አላየሁትም። የመሰረዝ ፈቃዴንም አነሣና ፊት ለፊቴ ለምትቀመጠው የሥራ ባልደረባዬ ሰጠው። እሷ ከተቀጠረች ገና ሁለት ዓመቷ ነው፤ ዝምተኛ ናት።

እንግዶቹ መጡ፤ ዝርዝሩን ገረፍ ገረፍ አድርገው አዩ፤ ፎቶ ተነሥተው ሄዱ። ዝርዝሩ አለመጽዳቱን የጠየቀ ሰው አልነበረም። አለቃዬ ግን ትእዛዙን አላነሣም። እልህ ነው፤ እልህን አውቀዋለሁ፤ የእኔም ያው ነው። ልዩነታችን የእኔ እልህ ከኋላው ሰው ያለበት መሆኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ደብተር ገዝቼ ለሁለት አሰመርኩት። በአንድ በኩል የእናት ቤት ስም፣ በሌላው በኩል የባል ቤት ስም። ጤና ጣቢያ በደረስኩ ቁጥር ታብሌቱን ከመክፈቴ በፊት አግዳሚው ላይ እቀመጥና ፈቃዳቸውን ጠይቄ ያችኑ ጥያቄ እጠይቃለሁ። ይስቃሉ። አንዳንዷ «ምን አደረገልዎት የድሮ ስሜ?» ትለኛለች። አንዲት ባልቴት «አርባ ዓመት ማንም አልጠየቀኝም» ብለው ሁለት ጊዜ ነገሩኝ። የተሰረዘችውን ሳገኝ ከስሟ ጎን ምልክት አደርግና ይመለስልኝ የሚል ጥያቄ ለዋናው መሥሪያ ቤት እልካለሁ፤ አንድ በአንድ፣ በየቀኑ። የተወሰኑት ተመልሰዋል። የዚያች የመርሳዋ ሴት ካርድ ከመውለዷ በፊት ተመልሷል፤ ፔኒሲሊኑም በቀይ ተጽፎበታል። የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ ደብተሩ ውስጥ የደረስኩበት ገጽ ምልክት አድርጌዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ያቺ ዝምተኛ ባልደረባዬ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። የተሰጣት ዝርዝር እጇ ላይ ነው። አንዱንም አልሰረዘችም።

«ጋሼ፣ ደብተርዎን ያውሱኝ። ላመሳክርበት።»

«አላውስሽም። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት መናኸሪያ ነይ።»

ክፉ ሰው መስዬ ታየኋት መሰለኝ፤ መጣች ግን። መርሳ ወርደን፣ ባጃጅ ይዘን፣ አግዳሚው ላይ አጠገቤ አስቀመጥኳት። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ተራዋን ትጠብቃለች። ባልደረባዬ ጎንበስ ብላ የማይሰማ ነገር አንሾካሾከች።

«ጮክ በይ» አልኳት። «የምትጠይቂው ስሟን ነው፤ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።»

«እናትሽ ቤት ማን ይሉሻል?»

ሴትዮዋ ሳቀችና ነገረቻት። ባልደረባዬ ዝርዝሩን በጣቷ ወረደችበት፤ ሁለተኛው ገጽ መሐል ላይ ጣቷ ቆመ። ያ ስም ሊሰረዙ ከታዘዙት መሐል ነው። ታብሌቱን ከፈተች፣ ካርዱን አወጣች፣ የአሁኑን ስም ከቀድሞው ጎን በማስታወሻው ቦታ ጻፈችና አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ አለቃችንስ?» አለችኝ።

«እሱንም አምጪው፣ እዚህ ይቀመጥ። ቦታ አለ። አሁን ቀጥለሽ ጠይቂ።»