ለእህቴ ያላደረስሁት የሐኪሙ ቃል

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርሁም። ጾም መሻሬን፣ ደቀ መዝሙር በቁጣ መምታቴን፣ በማኅሌት ቆሜ ልቤ ገበያ መዋሉን ሁሉ ተናዝዣለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን «በአንደበቴም በድያለሁ» ብዬ አልፋለሁ። እርሳቸውም ሐሜት መስሏቸው ስግደት ያዝዙኛል። እኔም እሰግዳለሁ። ያልተናገርሁትን ኃጢአት በስግደት ላስተሠርይ የምደክም እኔ ምን ዓይነት መምህር ነኝ?

በአምቦ የሚያውቀኝ ሁሉ «የኔታ» ይለኛል። ድጓ እያስተማርሁ ሸምግያለሁ፤ ይበልጥ የምታወቀው ግን በመርዶ ነጋሪነቴ ነው። ዘመድ ተሰብስቦ ማለዳ የሐዘንተኛ በር ሲያንኳኳ ፊት የምቀድመው እኔ ነበርሁ። ሐዘንተኛዋን አስቀድሜ የማስቀምጥ፣ ቃሉን እንደ መድኃኒት መጥኜ የማቀምስ እኔ። ከአዲስ ዓለም ድረስ መጥተው ይወስዱኝ ነበር።

የእህቴ የአስካለ ባል ኦቦ ደበላ ወንጪ ቁልቁለት ላይ ከነፈረሱ ወደቀ። ሆዱ ተነፍቶ ወደ አምቦ፣ ስሙን ወደማልጠራው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አመጡት። ቅዳሜ ቀትር ነበር። ተረኛው ሐኪም ዶክተር ለሊሳ የሚባል ወጣት ነው። መርምሮት ወጣና ለብቻዬ ጠራኝ፤ ወንበር ሳበልኝ፤ እጄን ያዘኝ።

«የኔታ፣ ጉበታቸው ተሰንጥቆ ደም ወደ ውስጥ እየፈሰሳቸው ነው። ለቀዶ ሕክምና እያዘጋጀናቸው ነው፤ ግን ይተርፋሉ ብዬ ላታልልዎ አልችልም። ለእህትዎ ከእኔ ከባዳው ይልቅ እርስዎ ቀስ አድርገው ቢነግሯቸው ይሻላል።»

«እሺ፣ ልጄ» አልሁት። እሺ ያልሁት እኔ ነኝ።

ወደ አግዳሚው ወንበር ስመለስ አስካለ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። በባዕድ ሐዘን የሚታዘዘኝ ምላስ በእህቴ ፊት ተሳሰረ። ደግሞም መርዶ በቀትር፣ በመንገደኛ መካከል አይነገርም አልሁ ለራሴ። ወግ ያልሁት ፍርሃት ነበር። «ተሽሎታል አሉ» አልኋት።

ትልቁ ልጇ ጫላ ስልኩን አንሥቶ ወንጪ ላለው ዘመድ ሁሉ በኦሮምኛ አበሠረ። ጫላ በአባቱ ቋንቋ «ኤሱማ» ይለኛል፤ የእናቴ ወንድም ማለቱ ነው። «ኤሱማ፣ ይኸው ነገ ተነሥቶ ፈረሱን ፍርድ ቤት ያቆመዋል» ብሎ ሳቀ። እናቱም ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አዎን፣ ሳቅሁ።

ዶክተሩ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የኔታ እንደነገሯችሁ ሁኔታቸው ከባድ ነበር። የቻልነውን ሁሉ አደረግን። ኦቦ ደበላ ዐርፈዋል» አለ።

ጫላ ሳቁ ከከንፈሩ ሳይጠፋ ተነሣ። «አሁን ተሽሎታል ብላችሁን አልነበር? ምን መርፌ ወጋችሁት?»

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረ። «የኔታ፣ አልነገሯቸውም?»

«ምን ነገርኸኝና?» አልሁት።

ቃሌ ይህች ናት። ጫላ የግሉኮስ መስቀያውን ብረት ያነሣው ከእርሷ በኋላ ነው። ዶክተሩ ፊቱን ሊከልል ቀኝ እጁን ዘረጋ፤ ብረቱ እጁ ላይ ዐረፈ፤ ሲወድቅም ጫላ ረገጠው። ዘበኞች ደርሰው እስኪያላቅቋቸው ድረስ እኔ ቆሜ እመለከት ነበር። ብረቱን የያዘው ጫላ ነው፤ የመታው ግን ማን ነው? እኔ ዋሸሁ፤ ውሸቴም በአደጋ የሞተውን ሰው የተገደለ አስመሰለው።

ጫላ ታስሮ በዋስ ከወጣ በኋላ የሽማግሌዎች አለቃ ሆኜ ዶክተሩ ቤት የገባሁትም እኔው ነኝ። እጁ በጄሶ ታስሯል። በሁሉም ፊት፣ «ለየኔታ ነግሬያቸው ነበር» አለ። ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። ያን ጊዜ እንኳ መመለስ እችል ነበር።

«ልጄ፣ በዚያ ጭንቅ ጆሮዬ አልሰማህ ይሆናል» አልሁ።

ዶክተሩም፣ «እንግዲያው ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መስማትዎን ማረጋገጥ ነበረብኝ» አለ። ጫላ ጉልበቱን ሳመ፤ እርሱም ይቅር አለ። ጣቶቹ ግን እንደ ቀድሞው አልታዘዙለትም አሉ። ከአምቦ ሄደ። በከተማውም ስሙ «መናገር የማያውቀው ዶክተር» ሆኖ ቀረ።

ይበልጥ የሚያበግነኝ ከዚያ ወዲያ የሆነው ነው። ሐኪሞች የሚደበደቡት አነጋገር ስለማይችሉ ነው ተባለና ሥልጠና ተዘጋጀ፤ መርዶ እንዴት እንደሚነገር እንዳስተምር የተጠራሁት እኔ ሆንሁ። ሄድሁም። «ከቤተ ዘመዱ ታላቁን ለዩ፤ ለብቻው ጠርታችሁ አስቀምጡት፤ እጁን ይዛችሁ ንገሩት» አልኋቸው። ዶክተር ለሊሳ ያደረገውን አንድ በአንድ አስተማርሁ። አንዲት ነርስ ተነሥታ፣ «የኔታ፣ ታላቁ ሰው ለቤተሰቡ ባይነግርስ?» ብላ ጠየቀች።

«እንዲህ ያለ ሽማግሌ በአገራችን አልተፈጠረም» አልሁ።

አጨበጨቡልኝ። ጋቢም አለበሱኝ።

አሁን አስካለ ደም ግፊት አለባት። ጫላ በሽምግልና ታርቆም ዛሬም፣ «አባቴን የገደሉበት ደጅ አትረግጥም» ይላል፤ እርሷም ትታዘዘዋለች። ባለፈው ሳምንት ግማሽ ፊቷ ደንዝዞ አገኘኋት። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ብዬ ብለምናት፣ «አንተስ እዚያ አልነበርህምን?» አለችኝ። እዚያ ነበርሁ እኮ! እንግዲህ ይህን ጽፌ እንደ ጨረስሁ፣ ጫላ ባለበት፣ ለእርሷ ልነግራት እሄዳለሁ።

ፈርቼ ነበር፤ እህቴን እወዳት ነበር፤ በሽምግልናውም ጥፋቱ ወደ ሐኪሙ ቢዞር ልጇ ከእስር ይድናል ብዬ ነበር። ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱንም ምክንያት አድርጌ አላቀርብም። ይቅር በሉኝም አልልም። ይቅር የተባለው ያልሰማው ሽማግሌ ነው፤ የሰማው ግን እኔ ነኝ። ዶክተር ለሊሳ ነግሮኛል። ወንበር ስቦልኝ፣ እጄን ይዞ፣ በማውቀው ቋንቋ ነግሮኛል። እኔም ሰምቻለሁ።