ለእህቴ የቀባሁት ፊት

እሁድ ጠዋት አሰላ... እናቴ ቤት ጓዳ ውስጥ ተንበርክኬ የታናሽ እህቴን የሰናይትን ፊት እየቀባሁ ነበር። የሠርጓ ቀን ነው።

ለማታውቁኝ፣ አዳማ አንድ ሆቴል ውስጥ ቤሊ ዳንስ እደንሳለሁ። እናቴ ለጎረቤት «ሪሴፕሽን ናት» ነው የምትለው። እዚህ ገጽ ላይ የማወራችሁ ስለ ርካሽ ሜካፕ ብቻ ነው፤ ውዱን ገዝቼ ስለማላውቅ። የተሰበረ የዓይን ቀለም አልጥልም፤ ፍርፋሪውን በቫዝሊን ለውሼ ለመድረክ እቀባዋለሁ። ሊፒስቲኬ ለከንፈርም ለጉንጭም ያገለግላል። የአሰላ ብርድ ያደረቀው ፊት ላይ ደግሞ ከፋውንዴሽን በፊት በሞቀ ውሃ የተነከረ ፎጣ አድርጉበት፤ አለበለዚያ እንደ ጭቃ ግድግዳ ይሰነጣጠቅባችኋል። ይህቺ በነጻ ናት።

ሰናይት የውበት ሳሎን አልሄድም፣ «ያንቺን እጅ ነው የምፈልገው» ብላ ነው ያስጠራችኝ። አልዋሽም... ደስ ብሎኝ ሚኒባስ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ነው የመጣሁት። እናቴ ግን ገና በር ላይ ስታየኝ፣ ሳትስመኝ ነው የጀመረችው።

«ሠርገኛው እስኪወጣ ከጓዳ እንዳትወጪ። የሲሬ ሰዎች ዓይናቸው አያርፍም።»

የሲሬ ሰዎች የምትለው የሙሽራውን ቤተሰብ ነው። እሺ አልኩ። የመጣሁት እህቴን ላሳምር እንጂ እኔ ልታይ አይደለም።

እጅ ግን የለመደውን ነው የሚሠራው። መድረክ ስወጣ ኩሌን እስከ ጆሮ ግንዴ ስቤ፣ ከግራ ዓይኔ ሥር ሦስት የወርቅ ነጥብ አደርጋለሁ። ሰዉ በዛ ነው የሚያውቀኝ። ከሰናይት ጋር እየተተራረብን፣ እየሳቅን፣ ሳላስበው ያንኑ ለእሷም አደረግኩላት። ሳየው ክው አልኩ። ቶሎ ብዬ ጥጥ አነሳሁ።

«ተዪው በናትሽ! እንዴት እንደሚያምር!» አለች መስታወቱን ይዛ።

ተውኩት። ድሮም እንመሳሰላለን፤ በዛ ሜካፕ ግን ቁርጥ እኔን ሆነች።

ሙሽራው ከነሚዜዎቹ መጣ። ልጃገረዶቹ «አናስገባም» ብለው በሩን ያዙ፤ ተዘፈነ፣ ተገፋፉ፣ ገቡ። እኔ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ቆሜ በክፍተቱ አያለሁ። አንዱ ሚዜ ሰናይትን ትክ ብሎ አያትና ስልኩን አወጣ። ትንሽ ጎርጎር አደረገና ወደ ሙሽራው አክስት ጠጋ አለ።

«ያ ዋቅ! የፈጣሪ ያለህ! እትዬ፣ ይዩ እስቲ... ይቺ የአዳማዋ ዳንሰኛ አይደለችም?»

ስልኩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ሳልፈቅድ አንዱ ቀርጾ የለቀቀው ቪዲዮ። ሆዴ ተራቁቶ፣ ዓይኔ ሥር ሦስት ነጥብ...

አክስትየዋ ስልኩን አየች፣ ሙሽራዋን አየች፣ ደግማ ስልኩን አየች። ዘፈኑ ቆመ።

«ይህቺን ነው እንዴ የምታገባው ልጄ?» አለችው ሙሽራውን። እሱ አበባውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«እኔ አይደለሁም!» አለች ሰናይት።

«ታዲያ ማናት?» አክስትየዋ ስልኩን አፍንጫዋ ሥር ደቀነችው።

ሰናይት ወደ መጋረጃው አየች። «እህቴ ናት» ብትል ያልቅ ነበር። አልቻለችም። ገና ከቤት ሳትወጣ ትዳሯ ሊፈርስ ነው።

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። ጣቴ ላይ የቀረውን ወርቃማ ቀለም በሁሉም ፊት ዓይኔ ሥር ሦስት ቦታ ጠቅ ጠቅ አደረግኩት።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እሷ ዳንስ ቤት ደጃፍ እንኳ ረግጣ አታውቅም።»

ሚዜው እኔንና ስልኩን እያፈራረቀ አየ። «እውነቷን ነው እትዬ፣ እሷ ናት» አለ።

አክስትየዋ ወደ እናቴ ዞረች። «እሷስ ምናችሁ ናት?»

እናቴን አየኋት። እሷ ወለሉን ነው የምታየው።

«ሜካፕ ሠሪ ናት» አለች እናቴ። «ከአዳማ አስመጥተናት ነው።»

«ተመስገን!» አክስትየዋ ደረቷን ይዛ ሳቀች። «እኔ ደግሞ ዘመድ መስላኝ... በድንጋጤ ልሞት ነበር እኮ! የራሷን ፊት ነው ለካ የቀባችብን!»

እልልታው ቤቱን ሞላው። ሰናይት አበባዋን ተቀበለች። ወደ እኔ ቀና ብላ አላየችም። እኔም ወደ ጓዳ ተመልሼ ብሩሾቼን መሰብሰብ ጀመርኩ።

ሠርገኛው ሲወጣ እናቴ ተከትላኝ ገባች። «ምን ላድርግ ልጄ... ትዳሯ ሊፈርስ ነበር።»

እውነቷን ነው። እኔም የወጣሁት ለዛው ነው። ዳንሰኛ ነኝ ብዬ በሰው ፊት መናገር ከሁሉ የሚከብድ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እሱ ቀላሉ ነው። ወልዳ ያሳደገችኝ ሴት አፍ «ሜካፕ ሠሪ ናት» ሲል መስማት ግን ዛሬም ያቃጥለኛል። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ ይላሉ፤ እኔ አመዱም አልደረሰኝ። ብሩሾቼን ይዤ መናኸሪያ ሄድኩና የመጀመሪያውን ሚኒባስ ያዝኩ።

ዛሬ ሰናይት የሠርጉን ፎቶ ላከችልኝ። ቤተሰቡ በሙሉ ተሰልፏል፤ የጎረቤት ልጆች ሳይቀሩ አሉበት። «ሁሉም ሰው ሜካፕሽን አደነቀልኝ» ብላ ጽፋበታለች።

እኔ ፎቶው ላይ የለሁም... ፊቴ ግን መሀል ላይ ቬሎ ለብሶ ይስቃል።