ቀጋው የያዛቸው ሽማግሌ

ቀጋዬን ያመጣሁት ከወንጪ ነው። ለክትባት ሥራ ሄጄ ስመለስ በአንድ ገበሬ አጥር ላይ ነጭ አበባው ፈክቶ አየሁትና ልቤ እዚያው ቀረ። ባለቤቱን አስፈቅጄ ከሥሩ የበቀለ ቡቃያ ነቀልኩ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌ በሚኒባስ አምቦ አስገባሁት።

ጡረታ የወጣው አስተማሪ አባቴ፣ "ሰው ጽጌረዳ ይገዛል፣ የኔ ልጅ እሾህ ታቅፋ ትመጣለች" አለ።

የግቢያችን በር አጠገብ ተከልኩት። እንደ አራስ ነበር የያዝኩት፤ ፍግ አለበስኩት፣ ፀሐይ እንዳይመታው ጆንያ ጋረድኩለት፣ ጠዋት ማታ አጠጣሁት። ጠወለገ። ተስፋ ቆርጬ ስተወው ግን የዱር ልጅ መሆኑ ትዝ ያለው ይመስል ቦግ ብሎ አደገ። ከጥቂት ዓመት በኋላ የበሩን ግማሽ ያዘ። መከርከም ነበረብኝ፤ ግን እንደዚያ አብቦ እያየሁት እጄ አልታዘዝ አለ። ታናሽ እህቴ ቀሚሷ በተያዘ ቁጥር፣ "ቀጋሽ ሰላም ብሎኛል" ትለኝ ነበር።

እህቴን ለአንድ የሸነን ከተማ አስተማሪ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች የመጡ ዕለት፣ አባቴ ክራባቱን አስሮ ሳሎን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሁለቱ "አካም ጅርቱ" እያሉ ገቡ። ሦስተኛው፣ ጥቁር ካፖርት የለበሱት ታላቃቸው፣ የግቢው በር ላይ ቀሩ።

"ይግቡ እንጂ ኦቦ!" አለ አባቴ ወደ ደጅ ወጥቶ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አልንቀሳቀስም!" አሉ ደረታቸውን ነፍተው።

ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ እንደማይቀመጥ እናውቃለን፤ ደጅ ቆሞ የቀረ ግን አይተን አናውቅም። አባቴ ለመናቸው። እምቢ። ጓደኞቻቸውም ግራ ተጋብተው ተመልሰው አጠገባቸው ቆሙ።

"ምን ዓይነት ቆራጥ ሰው ናቸው!" አለኝ አባቴ በሹክሹክታ።

ውሃ ይዤላቸው ስጠጋ ጎንበስ ብለው፣ "ልጄ፣ የያዘኝ ነገር አለ" አሉኝ። ዞሬ ባይ ቀጋዬ ካፖርቱን ከአንገትጌው እስከ ጫፉ ጨምድዶታል።

"ቆይ፣ ልሳበው..."

"እንዳትስቢው! ካፖርቱ የጎረቤቴ ነው!"

መቀስ አምጥቼ ያን የሳሳሁለትን ቅርንጫፍ ሁሉ ከረከምኩት። ነፃ ሲወጡ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጥ ብለው ወደ ሳሎን ገቡና እንደቆሙ እህቴን ጠየቁ። አባቴ "ጉዳያችሁን ሰምተናል፣ አሁንስ ይቀመጡ" አላቸው። ተቀመጡ። ወዲያው "ወይኔ!" ብለው ብድግ አሉ፤ ለካ አንድ ቅርንጫፍ ካፖርቱ ላይ ተንጠልጥሎ ገብቶ ኖሯል።

አባቴ ሳቁን ሊውጥ ታገለ፣ አልቻለም። ሽማግሌውም ራሳቸው ሳቁ። እህቴ ጓዳ ውስጥ ስትንፈቀፈቅ ይሰማናል። አባቴ ሳምንት ሙሉ ያጠናው ንግግር ነበረው፤ አንዷንም ቃል አልተናገረም። "በቃ፣ ልጃችንን ሰጥተናል" አለ እንባውን እየጠረገ።

ቀጋው ከዚያ ክርከማ በኋላ ከቀድሞው የባሰ አበበ። አባቴ ለመጣ እንግዳ ሁሉ "ከርክሚው እያልኩ ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ" ይላል። አንድ ቀንም ብሎኝ አያውቅም።

እህቴ ተድራ ሸነን ስትገባ ቡቃያ ላክሁላት። ባሏ ደውሎ አመሰገነኝ። ከዚያ ከቤቱ ጀርባ፣ ሰው በማያልፍበት ጥግ ተከለው።